ከመጠጥ ርቃ የከረመች አይጥ ስትመለስ ለምን አብዝታ ትጠጣለች?

አንድ አንባቢ የላኩልኝ ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «ዶክተር፣ ሁዳዴን ሙሉ መጠጥ የሚባል አልቀምስም። ብዙም ሳልቸገር ነው የምጨርሰው። ችግሩ ፋሲካ ላይ ነው። ከጾሙ በፊት ሁለት ሦስት ቢራ ጠጥቼ በጊዜ ቤቴ የምገባ ሰው ነኝ። በፋሲካ ሰሞን ግን አንዴ ከጀመርኩ ማቆሚያ የለኝም፤ ሲነጋ ነው የምገባው። ባለቤቴ ‹ጾሙ አባሰብህ› ትለኛለች። በቅርቡ ደግሞ የላቦራቶሪ አይጦችም ከአልኮል ተለይተው ሲመለሱ ከበፊቱ አብልጠው ይጠጣሉ የሚል ነገር አነበብኩ። እውነት ነው ወይ? እውነት ከሆነ ከነጭራሹ ባልተወው አይሻለኝም? ለመሆኑ የአይጥ ነገር ለሰው ምን ይሠራል?»

ያነበቡት እውነት ነው። በሱስ ምርምር ውስጥ ተደጋግመው ከተረጋገጡ ነገሮች አንዱ ነው። «ባልተወው ይሻላል» የሚለው ግን ከዚያ አይወጣም። አይጦቹ የሚያሳዩት አደጋው መተዉ ላይ ሳይሆን መመለሻው ላይ መሆኑን ነው። ትንሽ ረዘም አድርጌ ላስረዳዎት። ዓመተ ምሕረቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።

ነገሩ የተጀመረው በ1960ዎቹ፣ አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ በሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ ነው። ጆን ዴቪድ ሲንክሌር የሚባል ወጣት ተመራማሪ ሴንተር ከሚባል ሌላ ተመራማሪ ጋር ሆኖ አይጦችን አልኮል አስለመደ። ከዚያ አልኮሉን ወሰደባቸው። ቆይቶ ሲመልስላቸው አይጦቹ ካቆሙበት አልቀጠሉም፤ ከበፊቱ አብልጠው ጠጡ። ውጤቱ በ1967 ታተመ። ዛሬ በዘርፉ «የአልኮል እጦት ውጤት» ተብሎ ይታወቃል። ብዙ ሰው የሚያስበው ተቃራኒውን ነው። ከራቁት ይረሳል፣ አምሮቱም በጊዜ ብዛት ይጠፋል ይባላል። አይጦቹ ግን ዝም ብሎ ጊዜ ማለፉ ብቻውን አምሮትን እንደማያጠፋ አሳዩ።

ሙከራው በቅርበት ምን እንደሚመስል ላሳይዎት፤ ቁጥሩን ለማመን ይረዳል። አይጥ ስል ጓዳ ውስጥ የምትሯሯጠውን ትንሿን ማለቴ አይደለም። ትልቋን፣ አይጠ መጎጧን ነው። በላቦራቶሪ በብዛት የምትገኘው ዊስታር የምትባለው ነጭ ዘር ናት። አይጧ ብቻዋን ኬጅ ውስጥ ትቀመጣለች። ሁለት ጠርሙስ ይሰቀልላታል፤ በአንዱ ንጹሕ ውኃ፣ በሌላው አልኮል የተቀላቀለበት ውኃ አለ። ከፈለገችው ትጠጣለች፣ የሚያስገድዳት የለም። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ጠርሙሶቹ ይመዘናሉ። የጎደለው የጠጣችው ነው ማለት ነው። ይሁን እንጂ አይጥ አንድ ጎን ታዘወትራለች፤ ግራውን ከለመደች ግራ ያለውን ሁሉ ትጠጣለች። ስለዚህ የጠርሙሶቹ ቦታ በየጊዜው ይቀያየራል። ጠርሙስ ደግሞ ይንጠባጠባል። የፈሰሰው እንደተጠጣ እንዳይቆጠር፣ አይጥ የሌለበት ባዶ ኬጅ ላይም ሁለት ጠርሙስ ይሰቀላል። እዚያ የጎደለው ከሌሎቹ ሁሉ ላይ ይቀነሳል። እኔ የአንድን ጥናት ጥራት ስመዝን ቀድሜ የምፈልገው ይችን ባዶ ኬጅ ነው። ስለ እሷ ያልጻፈ ሰው የሚያቀርበውን ትንሽ ልዩነት በጥርጣሬ ነው የማየው።

ሰው ብዙ ጊዜ የማይጠብቀው ሌላ ነገር አለ። አብዛኞቹ አይጦች አልኮል አይወዱም። ይመራቸዋል፣ ያቃጥላቸዋል። ጠንከር ያለ ከቀረበላቸው ቀምሰው ይተዉታል። ለማስለመድ አንዱ መንገድ በስኳር ማባበል ነው፤ ስኳሩ ቀስ በቀስ እየቀነሰ አልኮሉ እየጨመረ ይሄዳል። ሌላው መንገድ ለእርስዎ ጥያቄ ይበልጥ ይቀርባል። በ1973 ሮይ ዋይዝ የተባለ ተመራማሪ አልኮሉን በየቀኑ ከማቅረብ ይልቅ አንድ ቀን እየዘለለ አቀረበ። አይጦቹ መጠናቸውን እያሳደጉ ሄዱ። ዘዴው ከብዙ ዓመታት በኋላ እንደገና ተነሥቶ ዛሬ በብዙ ላቦራቶሪዎች ይሠራበታል። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ 20 በመቶ አልኮል ለ24 ሰዓት ይቀርባል። በቀሩት ቀናት ውኃ ብቻ። ስኳር የለ፣ ሥልጠና የለ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተራዋ አይጥ ደህና አድርጋ ትጠጣለች። በመካከል ያለው እጦት ራሱ ፍላጎቱን ይገፋዋል ማለት ነው። ስለዚህ ባለቤትዎ ከመሬት ተነሥተው አልተናገሩም።

ስለ መጠኑም ትንሽ ልበል። በአሜሪካ በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ እነ ቲንግ ካይ ሊ አልኮል የሚወዱ አይጦችን ከትውልድ ትውልድ እየመረጡ አራብተዋል። «ፒ» ይባላሉ። እነዚህ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ5 ግራም በላይ ንጹሕ አልኮል ይጠጣሉ። 70 ኪሎ በሚመዝን ሰው ሲሰላ 350 ግራም ይሆናል። 5 በመቶ የሆነ 330 ሚሊ ሊትር ቢራ 13 ግራም ገደማ አልኮል ስላለው፣ ከ25 ጠርሙስ በላይ ነው። ግን እንዲህ ማስላት ያሳስታል። አይጥ አልኮልን የምታቃጥለው ከሰው ሦስት እጥፍ ያህል ፈጥና ነው። ስለዚህ ጠንቃቃ ተመራማሪ በጠርሙሱ ሚዛን ብቻ አይተማመንም፤ ከጅራቷ ጠብታ ደም ወስዶ በደሟ ውስጥ ያለውን አልኮል ይለካል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የአልኮል እጦት ውጤትን በጥልቀት ካጠኑት መካከል በጀርመን የሠሩት ራይነር ሽፓናገልና ዛቢነ ሆልተር ይገኙበታል። አይጦቹን ለወራት አራት ጠርሙስ አቀረቡላቸው፤ ውኃ፣ 5 በመቶ፣ 10 በመቶና 20 በመቶ አልኮል። በመካከሉ ለሳምንታት አልኮሉን እያነሡ መልሰው ሰጧቸው። ሲመለስላቸው የታየው መጠኑ መጨመሩ ብቻ አይደለም። አጠጣጣቸው ተቀየረ። ቀድሞ ቀለል ያለውን ይመርጡ የነበሩት ወደ ጠንካራው ጠርሙስ ሄዱ። አይጥ የሌሊት እንስሳ ናት፤ ቀን ትተኛለች። እነዚህ ግን መተኛት በሚገባቸው ሰዓት ተነሥተው ጠጡ። መጠጡ ውስጥ ኩዊኒን የሚባል መራራ ነገር ቢጨመርበትም አልተዉትም። ከጎኑ ጣፋጭ ነገር ቢቀርብላቸውም ሐሳባቸውን አልቀየሩም።

እዚህ ላይ የእርስዎን ጥያቄ ደግሜ አነበብኩት። ሁለት ሦስት ቢራ ይበቃው የነበረ ሰው እስኪነጋ ይጠጣል። እንቅልፉን ትቶ ይጠጣል። ያው ነው አልልም፤ ሰው ሰው ነው። ግን መልኩ ይመሳሰላል።

ብዙ ጊዜ ሳይጠቀስ የሚቀረው የዚሁ ግኝት ሌላ ጎን አለ፤ ለእርስዎ ትልቁ ነገር እሱ ነው። ጭማሪው አይዘልቅም። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ይከፋል፣ ከዚያ ቀስ እያለ በቀናት ውስጥ ወደ ቀድሞው መጠን ይመለሳል። በተራዋ አይጥ ላይ የሚታየው ይህ ነው። ልዩ ሁኔታው ከላይ የጠቀስኳቸው፣ መጠጥ ወዳድነታቸው ተመርጦ የተዳቀሉት «ፒ» አይጦች ናቸው። በእነሱ ላይ መከልከልና መመለስ ሲደጋገም ጭማሪው እየጠነከረና እየረዘመ ይሄዳል። በትውልድ ለመጠጥ የተጋለጠ አካል ላይ ይህ ዑደት ይበልጥ ይከፋል ማለት ነው። እስቲ ራስዎን ይጠይቁ፦ አባትዎ ወይም አጎትዎ በመጠጥ የተቸገሩ ሰው ነበሩ? የፋሲካው ነገር ከዓመት ዓመት እየባሰና እየረዘመ ነው? መልስዎ አዎ ከሆነ ነገሩን ከሌላው ሰው ይበልጥ አክብደው ይያዙት።

ይህ ለምን ይሆናል? አልኮል አንጎልን ያረጋጋል፤ አነቃቂውን መልእክት ይጫናል፣ አረጋጊውን ያጎላል። መጠጡ ሲዘወትር አንጎል ሚዛኑን ለመጠበቅ በተቃራኒው ይገፋል። ከባድ ሸክም ተሸክሞ ወደ ፊት ያዘነበለን ሰው ያስቡ፤ ሸክሙን ድንገት ቢያነሡለት ይንገዳገዳል። መጠጡ ሲቀር አነቃቂው ኃይል ከመጠን በላይ ሆኖ ይቀራል። ይህ መናወጥ ከሚታየው መንቀጥቀጥና ላብ በኋላም ረዘም ላለ ጊዜ በረቂቁ ሊቆይ ይችላል። አካምፕሮሴት የሚባለው መድኃኒት በዚህ በኩል ይሠራል ተብሎ ይታሰባል። አይጦች ላይ ያንን የመመለሻ ጭማሪ ይቀንሳል፤ ሰዎችም ከመጠጥ ርቀው እንዲቆዩ ያግዛል።

ሌላው መንገድ አንጎል ራሱ የሚያመነጨው ኢንዶርፊን ነው። የመጀመሪያው ብርጭቆ ደስ የሚለው በከፊል በእሱ ምክንያት ነው። የዚህን ታሪክ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልናገር፤ የአይጥ ነገር ለሰው ምን ይሠራል ላሉት ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

በ1980ዎቹ በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ጆሴፍ ቮልፒቸሊ የሚባል ተመራማሪ አይጦችን በኤሌክትሪክ ንዝረት ያስጨንቅ ነበር። የገረመው አይጦቹ አብዝተው የሚጠጡት ጭንቀቱ ላይ ሳሉ አለመሆኑ ነው። የሚጠጡት ጭንቀቱ ካለፈ በኋላ ነው። በጭንቀት ጊዜ ሰውነት ኢንዶርፊን ያመነጫል፤ ሲያልፍ ይጎድላል፤ አልኮሉ ጉድለቱን ይሞላል ብሎ ገመተ። ግምቱን ለመፈተን ኢንዶርፊን የሚሠራበትን በር የሚዘጋውን ናልትሬክሶን ሰጣቸው። ከንዝረቱ በኋላ የሚመጣው መጠጥ ቀረ። ይህ በ1986 ታተመ።

ከዚያ ወደ ሰው ተሻገረ። በ1992 የወጣው ጥናት የመጠጥ ሱስ ያለባቸው 70 ወንዶችን ለ12 ሳምንታት ተከታተለ። ገሚሶቹ ናልትሬክሶን፣ ገሚሶቹ መድኃኒትነት የሌለው ክኒን ወሰዱ። ባዶ ክኒን ከወሰዱት 54 በመቶ ያህሉ አገረሸባቸው። ናልትሬክሶን ከወሰዱት ያገረሸባቸው 23 በመቶ ነበሩ። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ግን ከዚህ ቁጥር ሥር ያለው ሌላ ቁጥር ነው። ባዶውን ክኒን ከሚወስዱት መካከል 20 ሰዎች በመሐል መጠጥ ቀመሱ። ከ20ው 19ኙ አገረሸባቸው። መድኃኒቱን እየወሰዱ ከቀመሱት 16 ሰዎች ግን ያገረሸባቸው 8ቱ ብቻ ናቸው። መድኃኒቱ የመጀመሪያዋን ብርጭቆ ከማስቀረት ይልቅ የመጀመሪያዋ ሁለተኛዋን፣ ሁለተኛዋ አሥረኛዋን እንዳትጠራ ነው ያደረገው። እርስዎ «አንዴ ከጀመርኩ ማቆሚያ የለኝም» ያሉት ይኸውልዎት። የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ ናልትሬክሶንን ለመጠጥ ሱስ የፈቀደው በ1994 ነው።

ሲንክሌርስ? እሱ ወደ ፊንላንድ ሄዶ ሄልሲንኪ ውስጥ የመንግሥት የአልኮል ኩባንያ በሆነው አልኮ ላቦራቶሪ ሠራ። ከአይጦቹ ተነሥቶ ናልትሬክሶን በየቀኑ ሳይሆን ከመጠጣት አንድ ሰዓት ገደማ በፊት ቢወሰድ አንጎል የተማረውን ቀስ በቀስ ይረሳል የሚል ሐሳብ አራመደ። በዚህ ዘዴ ባለሙያዎች እስካሁን ይከራከራሉ። የእኔ አቋም ለአንዳንድ ሰው ይጠቅማል፣ ለሁሉም ግን አይደለም የሚል ነው።

አሁን ስለ ቦታና ስለ ሰሞን። በሌላ ዓይነት ሙከራ አይጧ ትንሽ ዘንግ ስትጫን አልኮል ይመጣላታል። ሳጥኑ የራሱ ሽታ፣ የራሱ መብራት፣ የራሱ ድምፅ አለው። ከዚያ ወደ ሌላ ሳጥን ትዛወራለች። ሽታው ሌላ፣ ወለሉ ሌላ። እዚያ ዘንጉን ብትጫን ምንም አይመጣም። ጥቂት ቀናት ሞክራ ትተወዋለች። ተወች፣ ዳነች ያሰኛል። ወደ መጀመሪያው ሳጥን ትመለስ፤ ዘንጉን እየደጋገመች መጫን ትጀምራለች። አልኮሉ እኮ እዚያም የለም። ሽታውና መብራቱ ብቻ ይበቃታል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ቶሮንቶ ውስጥ የተደረጉ ሙከራዎች ደግሞ አጭር የእግር ንዝረት፣ ማለትም ጭንቀት፣ ትታው የነበረውን ፍለጋ እንደሚቀሰቅስ አሳይተዋል። አይጧ በሁለተኛው ሳጥን ውስጥ የተማረችው የመጀመሪያውን አልሰረዘውም። ሁለቱም ትምህርቶች አንጎሏ ውስጥ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ የትኛው እንደሚወጣ የሚወስነው ያለችበት ቦታ ነው።

የእርስዎ ሁዳዴ ሁለተኛው ሳጥን ነው። ቤቱ ሌላ መልክ አለው፣ ምግቡ ሌላ ነው፣ ጓደኞች አይጠሩም፣ ሁሉም ይጾማል። ሳይቸገሩ ማለፍዎ አያስደንቀኝም፤ የሚቀሰቅስ ነገር ጥቂት ነው። ፋሲካ ሲመጣ በአንድ ሌሊት ሁሉም ይመለሳል። ዶሮ ወጡ፣ ጠላው፣ ዘመድ አዝማዱ፣ «አንዴ ብቻ፣ ለበዓል» የሚለው ግብዣ። አንድ ተጨማሪ ነገርም አለ። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት፣ በበዓለ ሃምሳ፣ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። በጾም ቀን የማይጠጣ ሰው በሳምንት ሁለት ቀን የሚያርፍበት ልማዱ የሚነሣው ልክ አምሮቱ በሚያይልበት ወቅት ነው። ይህን ጾምን ለመንቀፍ አይደለም የምለው። የጾሙ ዓላማ ሌላ ነው፤ ለመጠጥ ሕክምና የተሠራ አይደለም። ሕክምናውን ከእሱ መጠበቅም አይገባም።

አይጥ ሁሉ አንድ ነው ብለው እንዳያስቡ ደግሞ አንድ ጥናት ልጥቀስ። በ2018 በስዊድን፣ ሊንሾፒንግ ዩኒቨርሲቲ፣ እነ ማርኩስ ሃይሊግ አልኮል የለመዱ አይጦችን አስመረጧቸው። አንዱን ዘንግ ብትጫን አልኮል፣ ሌላውን ብትጫን ጣፋጭ ውኃ። አብዛኞቹ አልኮሉን ትተው ወደ ጣፋጩ ሄዱ። 15 በመቶ ያህሉ ግን አልኮሉን መረጡ። እነዚህኞቹ ምሬትም ሆነ ንዝረት ቢጨመርበት አልተዉትም። አንጎላቸው ሲመረመር አሚግዳላ በሚባለው ክፍል ውስጥ ጋባ የተባለውን አረጋጊ ንጥረ ነገር የሚጠርገው ፕሮቲን አንሶ ተገኘ። በመጠጥ ሱስ ሳሉ የሞቱ ሰዎች አንጎል ላይም ተመሳሳይ ጉድለት ታየ። አብዛኛው ጠጪ ሌላ ጥሩ ነገር ከቀረበለት ይመርጣል። ጥቂቱ ግን መምረጡ ራሱ ተጎድቷል። ለዚህ ጥቂት ሰው «ጠንከር በል» ማለት አይረዳውም፤ ሕክምና ያስፈልገዋል።

አይጥ የማትነግረንን ደግሞ መናገር ግዴታዬ ነው። ጭንቀት የሚቀሰቅሰውን ማገርሸት የሚዘጉ መድኃኒቶች አይጦች ላይ በጣም ተስፋ ሰጥተው ነበር። ሲአርኤፍ የሚባለውን የጭንቀት መልእክተኛ የሚያግዱ ናቸው። በ2015ና በ2016 በወጡ ጥናቶች ፔክሳሰርፎንትና ቨሩሰርፎንት የተባሉት ሁለቱ ሰው ላይ ተሞክረው የመጠጥ አምሮትን አልቀነሱም። ብዙ ዓመት የተለፋበት ነገር ነበር። ስለዚህ «አይጥ ላይ ሠርቷል» የሚል ዜና ሲያዩ ገና ግማሽ መንገድ ነው ብለው ይያዙት።

ከሁሉ የሚበልጠው ልዩነት ግን ይህ ነው። አይጧ መጠጡን አልተወችም፤ ተወሰደባት። መመለሷንም አልመረጠችም፤ ጠርሙሱን ሰው ሰቀለላት። ቀኑን አታውቀውም። እርስዎ ግን ፋሲካ መቼ እንደሚውል ያውቃሉ። አምሮቱ በየትኞቹ ቀናት እንደሚያይል አሁን ያውቃሉ። አይጧ የሌላት ዕድል እዚህ ላይ ነው ያለው።

እንግዲህ ምን ያድርጉ? መተዉን አይተዉ። 55 ቀን ከአልኮል የራቀ ጉበት፣ የተስተካከለ የደም ግፊትና እንቅልፍ ትልቅ ነገር ነው። የሚስተካከለው መመለሻው ነው። በእኔ እምነት ለእርስዎ ከሁሉ የሚሻለው በፋሲካ ሳምንት ጭራሽ አለመጀመር ነው። ጭማሪው የሚከፋው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው፤ በዓሉም ያኔ ነው፤ ሁለቱ ባይገናኙ ጥሩ ነው። በዓሉ አልፎ፣ ግርግሩ በርዶ፣ ከዚያ በኋላ ልጠጣ ወይስ ልቅር የሚለውን በተረጋጋ መንፈስ ይወስኑ። ብዙ ሰው እዚያ ሲደርስ «ይቅርብኝ» ይላል።

አይሆንም፣ በበዓሉ እጠጣለሁ ካሉ ውሳኔው የሚሰጠው በሰሙነ ሕማማት እንጂ ጠረጴዛው ላይ አይደለም። ስንት እንደሚጠጡ ለባለቤትዎ አስቀድመው ይንገሩ። አረቄና ጠጅ ላይ አይጀምሩ፤ አይጦቹ ወደ ጠንካራው ጠርሙስ እንደሚሄዱ ያስታውሱ። ሳይበሉ አይጠጡ። የድሮው ጠረጴዛ፣ የድሮው ቤትና የድሮው ሰዓት ላይ አይመለሱ፤ ጓደኞችዎን ከፈለጉ ቀን፣ ምሳ ላይ፣ ልጆች ባሉበት ያግኟቸው። ረቡዕና ዓርብን በበዓለ ሃምሳም ከመጠጥ ነፃ ያድርጓቸው፤ ጾም ባይሆንም። አንድ ሌላ ነገርም አለ። ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ሰውነትዎ መጠጡን የመቋቋም አቅሙ ቀንሷል። ድሮ ምንም የማይመስልዎት መጠን አሁን በደንብ ያሰክራል። መኪና ካለዎት ቁልፉን ቤት ይተዉት።

የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው «ኦዲት» የሚባል መጠይቅ አለ። 10 ጥያቄዎች ብቻ ናቸው፤ ማንኛውም ጤና ባለሙያ ያውቀዋል። 8 እና ከዚያ በላይ ካገኙ አጠጣጥዎ ወደ ጉዳት እያመራ ነው ማለት ነው። ሲሞሉት የጾሙን ሳይሆን የፋሲካን ሰሞን አስበው ይሙሉት። ሁዳዴን ሳይቸገሩ ማለፍዎ በአካል ጥገኛ እንዳልሆኑ ይነግረኛል። ችግር የለብዎትም ማለት ግን አይደለም። የመመለሻው ጭማሪ ምንም የመንቀጥቀጥ ምልክት የሌለባቸው አይጦች ላይም ይታያል።

ሁለት ዓመት፣ ሦስት ዓመት ሞክረው መመለሻውን መቆጣጠር ካቃተዎት ስለ መድኃኒት ሐኪም ያነጋግሩ። አዲስ አበባ ላሉ በአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የሱስ ሕክምና አለ። ውጭ አገር ከሆኑ የቤተሰብ ሐኪምዎ ጋ ይጀምሩ። ናልትሬክሶን ከመጀመርዎ በፊት ጉበትዎ መመርመር አለበት። ትራማዶል ወይም ሌላ የሞርፊን ዘር የሆነ የሕመም ማስታገሻ የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ለሐኪሙ ሳይናገሩ ናልትሬክሶንን ፈጽሞ እንዳይወስዱ፤ ከባድ ሕመም ያመጣል።

ይህን የሚያነቡ ሌሎች ሰዎች ስለሚኖሩ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ጠዋት እጅዎ የሚንቀጠቀጥ፣ የሚያልብዎት፣ ሳይጠጡ መነሣት የማይችሉ ከሆነ በራስዎ ጊዜ ድንገት አያቁሙ፤ ለጾምም ቢሆን። እንደዚህ ያለ ሰው በድንገት ሲያቆም የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ፣ ቅዠትና መዘባረቅ ሊመጣበት፣ ሊሞትም ይችላል። መጀመሪያ ጤና ተቋም ይሂዱ። በሐኪም ክትትል በጥቂት ቀናት ውስጥ በሰላም ማቆም ይቻላል። የንስሐ አባትዎም ይህን ቢሰሙ መጀመሪያ ታከም እንደሚሉዎት አልጠራጠርም።